የጨዋታ ደራሲያን፦ ከተቀጣሪነት ወደ አሳታሚነት

ገበጣን ማን እንደፈጠረው የሚያውቅ የለም። ሕጉ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ በቃል ሲወርድ ኖሯል፤ ማንም ባለቤቴ ነኝ አይልበትም። በሌላው ዓለም ግን ጨዋታን ጽፎ በመጽሐፍ መልክ ማሳተም መተዳደሪያ ከሆነ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። በሙያው የቆዩ ደራሲያን ከትልልቅ ኩባንያዎች ወጥተው አነስተኛ አሳታሚ ድርጅት ሲያቋቁሙም ይታያል። የሚያነሡት ጥያቄ ቡና አምራቹ ከሚያነሣው ብዙም አይርቅም፦ የድካሙ ውጤትና ስሙ የማን ነው?

የጨዋታው ምንነት

የሚና ጨዋታ የሚባለው ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው በጋራ የሚፈጥሩት ታሪክ ነው። አንዱ ተራኪ ሆኖ ይመራል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው በእርሱ ስም ይናገራሉ፣ ይወስናሉ። የአንድ ድርጊት መሳካት አለመሳካት ቁጥር የተጻፈባቸውን ባለ ብዙ ገጽ ጠጠሮች በመጣል ይታወቃል። ለገበያ የሚቀርበው በዋናነት ሕጉንና የታሪኩን ዓለም የያዘው መጽሐፍ ነው።

አጀማመሩ

በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ሌክ ጄኔቫ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዶን ኬይ እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ አነስተኛ አሳታሚ አቋቋሙ። በተከታዩ ዓመት ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የደረሱት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በ1,000 ቅጂ ታትሞ ወጣ። ጨዋታው ተስፋፋ፤ ለፈጣሪዎቹ ግን ያለ ጠብ አልዘለቀም። አርነሰን የደራሲነት ክፍያውን በተመለከተ በ1979 ክስ መሥርቶ ጉዳዩ በ1981 በስምምነት ተቋጨ። ጋይጋክስም በ1985 የኩባንያውን የበላይነት አጣ፤ አብላጫው የአክሲዮን ድርሻ በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ነበር። ኩባንያው በ1997 «ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት» ለተባለ ድርጅት ተሸጠ፤ ይህንንም ድርጅት በ1999 የአሻንጉሊት አምራቹ ሃዝብሮ ገዛው።

ነባር ደራሲያን በራሳቸው መንገድ

ሞንቲ ኩክ የዚሁ ጨዋታ ሦስተኛ እትም በ2000 ሲወጣ ከዋና ደራሲያኑ አንዱ ነበር። በ2012 ግን የራሱን ድርጅት መሥርቶ «ኑሜኔራ» የተባለውን ሥራውን ኪክስታርተር በተባለው የኢንተርኔት መድረክ ከኅትመት በፊት ለአንባቢ አቀረበ። ከ517 ሺህ ዶላር በላይ ተሰበሰበለት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ገዢው አስቀድሞ ይከፍላል፤ ደራሲው ስንት ቅጂ እንደሚያሳትም አውቆ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ ሳይሸጥ መጋዘን የሚቀር መጽሐፍ ይቀንሳል። አደጋውም የዚያኑ ያህል ነው። ቡናው ሳይለቀም ገንዘብ የተቀበለ ገበሬ እንደሚያውቀው፣ ቀድሞ የተያዘ ገንዘብ ዕዳ እንጂ ትርፍ አይደለም። የወረቀትና የማጓጓዣ ዋጋ ቢንር ልዩነቱን የሚሸፍነው አሳታሚው ነው።

ሌላው አደጋ በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ ተመሥርቶ መሥራት ነው። «ዊዛርድስ» በ2000 የጨዋታውን መሠረታዊ ሕጎች ሌሎችም እንዲጠቀሙባቸው የሚያስችል ፈቃድ ሰጥቶ ነበር፤ በርካታ አነስተኛ አሳታሚዎችም በዚያ ኖሩ። በ2023 መጀመሪያ ፈቃዱን ለመለወጥ መታቀዱ ሲሰማ ግን ሥጋትና ተቃውሞ ተነሣ። ዕቅዱ ቢሰረዝም አንዳንድ አሳታሚዎች የራሳቸውን የጨዋታ ሕግ ወደ መጻፍ ዞረዋል።

በአገራችን

የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብንና የአሠራር ዘዴን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን ጽሑፍና ሥዕል ነው። ስለዚህ የገበጣን ሕግ ማንም የግሉ ሊያደርገው አይችልም። ስለ ገበጣ የተጻፈ መጽሐፍ ግን ባለቤት አለው፤ መብቱም ያለ ምዝገባ፣ ሥራው እንደተፈጠረ ይጀምራል። ተቀጣሪ በሥራው አጋጣሚ የሚያወጣው ሥራ የኢኮኖሚ መብት፣ በውል ሌላ ካልተባለ በቀር፣ የአሠሪው ነው።

የንግድ ስያሜ ግን ምዝገባ ይፈልጋል፤ የንግድ ምልክት አዋጁ ቁጥር 501/1998 ነው። የስም ዋጋ ለቡና አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ቡና ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተንቀሳቅሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ መድረሷ ይታወሳል።

የሚና ጨዋታ ባይሆንም ለዚህ መንገድ የሚቀርብ ምሳሌ በአገር ልጆች እጅ አለ። ብስራት ደበበ የመሠረተው እጣን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለውን የሥዕል ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሟል።

ተረትን፣ ታሪክን ወይም ጨዋታን ጽፎ ለማሳተም የሚያስብ ሁሉ ከኅትመት በፊት ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ቢያሰፍር ይጠቀማል፦ ጽሑፉና ሥዕሉ የማን እንደሆነ፣ ስሙ በማን እንደሚመዘገብ፣ ከሽርካዎቹ አንዱ ቢሞት ወይም ቢለይ ድርሻው ለማን እንደሚያልፍ። ዶን ኬይ ድርጅቱ በተቋቋመ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1975 መጀመሪያ፣ በድንገት አርፏል።