ከአቃቂ ወዲህ ያለው 23 ኪሎ ሜትር

ሳሪስ ነው ያደግሁት። በታሪክ ትምህርት ክፍል የመመረቂያ ጽሑፌን በምድር ባቡር ላይ ስሠራ «እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ ደረሰ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ» ብዬ ነገሩን በአንድ መስመር ዘለልኩት። አማካሪዬ ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «ሁለቱ ዓመት የት ገባ?» ብለው ጻፉበት። እኔ ደግሞ ለመመረቅ ቸኩያለሁ፤ አቃቂን አውጥቼ 1917ን ብቻ አስቀረሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከአቃቂ እስከ መዲናዋ በሐዲድ 23 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ለመጣ መስመር ይሄ ምኑ ይቆጠራል? ግን የአቃቂን ወንዝ መሻገር ነበረበት፤ ከዚያ በቃሊቲና በሳሪስ አድርጎ ከ200 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት። ጊዜውም ክፉ ነበር። ሐዲዱን የሚዘረጋው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው፤ ፈረንሳይ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተወጥራለች። እዚህ አገር ፈቃዱን የሰጡት ዳግማዊ ምኒልክ በ1913 አርፈዋል። ባቡሩ አቃቂ ሲደርስ ሥልጣኑ በልጅ ኢያሱ እጅ ነበር፤ አዲስ አበባ ሲገባ ልጅ ኢያሱ ወርደው ዘውዱን ንግሥት ዘውዲቱ ደፍተዋል። ለ23 ኪሎ ሜትር ሁለት መንግሥት! በመካከሉ ባቡር ያመጣው ዕቃ ሁሉ ቀሪውን መንገድ በሌላ መጓጓዣ መጨረስ ነበረበት።

ልጆች ሳለን ሐዲዱ ላይ ሚዛን ጠብቀን እየተራመድን ማን ቀድሞ ይወድቃል እንባባል ነበር። ጡሩምባው ከሩቅ ሲሰማ እናቶች ከየበሩ ስማችንን ይጣሩ ነበር። ያ ባቡር 1 ሜትር በሚሰፋ ሐዲድ ላይ ነበር የሚሄደው፤ ከለቡ የሚነሳው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። በእኛ ሰፈር በኩል ከ2015 ወዲህ ቀላል ባቡር ያልፋል፤ እሱ ግን ቃሊቲ ላይ ይቆማል እንጂ አቃቂን አይሻገርም።

አማካሪዬ በሕይወት የሉም። ጽሑፌ ግን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ፤ ተማሪዎች ዛሬም ይጠቅሱታል፣ አቃቂ የሌለበትን። መምህራን ሆይ፣ ሁለቱን ዓመት ርዕሱ የሚያደርግ ተማሪ ካገኛችሁ ወደ እኔ ላኩልኝ። ያኔ የሰበሰብኩት ማስታወሻ በካርቶን ሙሉ ቤቴ ተቀምጧል፤ ከጎተራ እስከ አቃቂ ድልድይም አብሬው በእግሬ እሄዳለሁ።