አባቱ ቤት ውስጥ ያስተማረው አሸናፊ

የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄና መልስ ውድድር፣ «ሒዶን ሀታናክ»፣ የተካሄደው በ1958 እስራኤል 10 ዓመት ስትሞላ ነው። ቴሌቪዥን ገና ስላልነበረ ሕዝቡ በሬዲዮ ሰማ። ያሸነፈው አሞስ ሐካም፣ በዓይነ ስውራን ተቋም የሚሠራ፣ ንግግር የሚያስቸግረው ተራ ጸሐፊ ነበር። በልጅነቱ ያስተማረው አባቱ ነው፣ እዚያው ቤት ውስጥ። ኋላ መዝሙረ ዳዊትንና ኢዮብን የሚያብራሩ መጻሕፍት ጻፈ። በነጻነት ቀን የምናየው የወጣቶቹ ሒዶን በ1963 ተጨመረ።

በልጅነታችን የመጣን እኛ፣ «ያልተማርኩ ነኝ፣ ልጄን በምን ልርዳው?» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። የዕብራይስጡ የቤት ሥራ ይከብድ ይሆናል። ኦሪቱን ግን ከቄሶችና ከአያቶች አፍ የሰማችሁት እናንተ ናችሁ። ለሰንበት ማዕድ ስትቀመጡ፣ በአማርኛም በትግርኛም ይሁን፣ ልጆቻችሁን ጠይቋቸው። እነሱም ይጠይቋችሁ።