የሕንጻ ፈቃድ መዝገብ እንደ ታሪክ ምንጭ፤ ስለ እንጦጦ ኮረብታ አጭር ምርመራ

የአንድን ሕንጻ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከምረቃው ቀን ነው። በዚያ ዕለት ሪባን ይቈረጣል፤ ንግግር ይደረጋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ጋዜጣም ይጽፋል። ነገር ግን ምረቃ የሥራው መጨረሻ እንጂ መጀመሪያው አይደለም። ቦታው ለማን ተሰጠ? ፕላኑን ማን ነደፈው? ማንስ ፈቀደው? መሠረቱ ከመቈፈሩ በፊት የአካባቢው ነዋሪ ሊያውቅ ይችል ነበርን? የምረቃ ንግግር ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አይሰጥም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኝበትን አንድ ምንጭ፣ ማለት የሕንጻ ፈቃድን መዝገብ ነው። ለምሳሌ የመረጥነውም የእንጦጦን ኮረብታ ነው፤ ምክንያቱም በ140 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ቤተ መንግሥትም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ የከዋክብት መመልከቻም፣ የመዝናኛ መናፈሻም ተሠርቶበታል።

የፈቃድ መዝገብን እያነበቡ ሥራን መከታተል በሌላ አገር የተለመደ ስለ ሆነ፣ አስቀድመን ስለ እርሱ ጥቂት እንበል። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት ታላላቅ የመዝናኛ መናፈሻዎች አሉ። ባለቤቶቻቸው አዲስ የሚሠሩትን መጫወቻ እስኪያስታውቁ ድረስ በምሥጢር ይይዙታል፤ ሥራውንም በቁጥር ወይም በምሥጢር ስም ይጠሩታል። ይሁን እንጂ የግዛቱ ሕግ ባለ ንብረት ሁሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሥራ መጀመሪያ ማስታወቂያ በሕዝብ መዝገብ ቤት እንዲያስመዘግብ ያዝዛል። በማስታወቂያው ላይ የባለ ንብረቱ ስም፣ የሥራ ተቋራጩ ስም፣ የቦታው አድራሻና የሥራው ዐይነት በአጭሩ ይጻፋል። የዝናብ ውሃ የሚወርድበትን መስመር የሚለውጥ ትልቅ ሥራም ከውሃ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ፈቃድ ስለሚያስፈልገው፣ የቦታው ካርታ ከዚያ ይገኛል። ቁመቱ ከ200 ጫማ የሚበልጥ ነገር ደግሞ ለአውሮፕላን አደጋ እንዳይሆን ለበረራ መሥሪያ ቤት ይነገራል። ስለዚህ እነዚህን ሦስት መዝገቦች አስተያይቶ የሚያነብ ተራ ሰው፣ አዲሱ ሐዲድ የት እንደሚዘረጋና ምን ያህል ከፍ እንደሚል ባለቤቱ ከመናገሩ በፊት ሊገምት ይችላል።

ማስታወቂያው የታዘዘው ግን ለተመልካች ተብሎ አይደለም። የሠራ ግንበኛና ዕቃ ያቀረበ ነጋዴ ዋጋቸው ቢቀርባቸው መብታቸውን በየትኛው ንብረት ላይ እንደሚጠይቁ እንዲያውቁ ነው። የታሪክ ተማሪ ከዚህ የሚማረው አለ። ለአንድ ጉዳይ የተጻፈ መዝገብ ለሌላ ጉዳይ የታመነ ምስክር ሊሆን ይችላል፤ ጸሐፊው እኛን ለማሳመን ብሎ አልጻፈውምና። ስሙ በተሸሸገበት ጊዜ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ደግሞ ያው አገር ያሳየናል። የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ በፍሎሪዳ 27,000 ኤከር ያህል መሬት የገዛው በልዩ ልዩ ኩባንያዎች ስም ስለ ነበረ፣ እውነተኛው ገዢ ማን እንደ ሆነ ለሕዝብ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 በኦክቶበር ወር ጋዜጣ ከገለጠው በኋላ ነው። በ1967ም በወጣ ሕግ፣ በኩባንያው መሬት ላይ የሚሠራውን ሕንጻ የሚፈቅድና የሚቈጣጠር ልዩ ወረዳ ተቋቋመ፤ ይህም ወረዳ አመራሩ በ2023 እስኪለወጥ ድረስ በኩባንያው ፈቃድ ሥር ቈየ። እንግዲህ ፈቃድ ጠያቂውና ፈቃድ ሰጪው በተቀራረቡ መጠን የመዝገቡ ምስክርነት እየደከመ እንደሚሄድ እናስተውላለን።

አሁን ወደ እንጦጦ እንመለስ። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ዓመታት ከተማቸውን በዚህ ኮረብታ ላይ አደረጉ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚያልፍ ስለ ሆነ አሻግሮ ለመመልከትና ጠላትን ለመከላከል የሚመች ነበር፤ ነገር ግን ብርዱ የጸና፣ ማገዶውም የማይበቃ ሆነ። የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የተሠራችው በዚያ ጊዜ ነው፤ ዐፄ ምኒልክም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት በእርሷ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃ አጠገብ ቤት ማሠራት በመጀመራቸው መኳንንቱም እየተከተሉ ወደ ሜዳው ወረዱ፤ አዲስ አበባም ተቈረቈረች።

በዚያ ዘመን የሕንጻ ፈቃድ የሚባል ወረቀት አልነበረም። ፈቃዱ የንጉሡ ቃል ነበር፤ እንደ መዝገብ የሚያገለግለንም የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የታሪክ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ንጉሡ ስላሠሯቸው አብያተ ክርስቲያናትና አዳራሾች ብዙ ይተርካል። የንጉሥ ታሪክ እንደ መሆኑ መጠን ግን ዐይኑ ያረፈው በአሠሪው ላይ ነው። ስለ ቦታው ልክ፣ ስለ ሥራው ወጪና ቀድሞ በቦታው ላይ ስለ ነበረው ሰው ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ከእርሱ የሚያገኘው ጥቂት ነው።

በ1900 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ የመሬት ሕግ ነገሩን መለወጥ ጀመረ። ባለ ቦታው የይዞታ ወረቀት እንዲኖረው፣ ቦታውም እንዲለካና ወሰኑ እንዲጻፍ ሆነ። ቃል ወደ ወረቀት ተለወጠ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ከተማው ልዩ ልዩ ፕላኖች ተነድፈዋል፤ በወረራው ዘመን ጣልያኖች፣ ከነጻነት በኋላም እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ የነደፏቸው ከእነዚህ መካከል ናቸው። ነገር ግን ፕላንና ፈቃድ አንድ አይደሉም። ፕላን ከተማው ምን እንዲሆን እንደ ታሰበ ይነግረናል፤ ፈቃድ ግን በዚህ ቦታ ላይ ይህ ሰው ይህን እንዲሠራ መወሰኑን ይነግረናል።

ፈቃድን በሚመለከት በዘመናችን ከወጡት ሕጎች አንዱ የኢትዮጵያ የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነው። ይህ አዋጅ ማንም ሰው ከሕንጻ ሹም ፈቃድ ሳያገኝ ሕንጻ እንዳይሠራ ከለከለ፤ ሕንጻዎችንም በሦስት ምድብ ከፈላቸው። ትንሹ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ከምድብ «ሀ» ሲገባ፣ ሁለት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆነው ወይም በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የሚበልጠው ከምድብ «ለ» ይገባ ነበር። የሕዝብ መገልገያ የሆነው ሕንጻ፣ ፋብሪካውና ቁመቱ ከ12 ሜትር የሚያልፈው ደግሞ ከምድብ «ሐ» ነበር። አመልካቹ ፕላኑን አያይዞ ያቀርብ ነበር፤ ሥራ ሊጀምር ሲል ያስታውቅ ነበር፤ ምድብ «ሐ» ሕንጻም ከመጠቀሚያ ፈቃድ በፊት አገልግሎት አይሰጥም ነበር። በዚህ መሠረት አንድ ትልቅ ሕንጻ ቢያንስ ሦስት ቀኖች በወረቀት ላይ ይተውልናል፤ የተፈቀደበት፣ የተጀመረበትና ለአገልግሎት የበቃበት ቀን። ለታሪክ ተማሪ ከእያንዳንዱ ቀን ይልቅ ቅደም ተከተላቸው ይበልጥ ይናገራል። ፈቃዱ ከጅማሬው በኋላ ተጽፎ ቢገኝ፣ ውሳኔው የተሰጠው ከዚያ መሥሪያ ቤት ሳይሆን ከሌላ ስፍራ መሆኑን ልንጠረጥር ይገባናል።

ከዚህም ሌላ ሁለት ሕጎች ለአንባቢው በር ይከፍታሉ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የጥናቱ ዘገባ ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ደነገገ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ ማንም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ያለ መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ አዘዘ።

ይህን ይዘን የእንጦጦን መናፈሻ እንመልከት። መናፈሻው የተመረቀው መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ሸገርን ለማስዋብ ከተወጠኑት ሥራዎች አንዱ ሲሆን፣ በባሕር ዛፉ ጫካ ውስጥ መንገድ፣ ምግብ ቤት፣ የፈረስ መጋለቢያ፣ የብስክሌት መንገድና በገመድ ተንጠልጥሎ የሚኬድበት መጫወቻ ተሠርቶበታል። ከፍሎሪዳ የተማርነውን ዘዴ በዚህ ላይ ብንሞክረው ሁለት ችግር እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ የአዋጁ ምድቦች በፎቅ፣ በምሰሶ ርቀትና በቁመት የተለኩ መሆናቸው ነው። ምግብ ቤቱ በእነዚህ መለኪያዎች በቀላሉ ይመደባል፤ በሁለት ማማዎች መካከል የተወጠረ ገመድ ግን ፎቁ ስንት ነው ይባላል? ሰው የሚንጠለጠልበት ነገር ከሚቀመጥበት ቤት ይልቅ ጥንቃቄ ያሻዋል፤ በመዝገቡ ውስጥ ግን ቦታውን ለማግኘት ይቸገራል። ሁለተኛው፣ የኮረብታው አስተዳደር የተከፋፈለ መሆኑ ነው። ደቡባዊው ወገን በጉለሌና በየካ ክፍለ ከተሞች ይከፈላል፤ ሰሜናዊው ወገን ወደ ሱሉልታ ሲወርድ የኦሮሚያ ክልል ይሆናል። አንድን ኮረብታ ለማጥናት የሚነሣ ሰው በብዙ ደጅ መቆም አለበት።

እኛም በአንዱ ደጅ ቆመን ነበር። ለጥናት የቈዩ የፈቃድ ወረቀቶችን ለማየት ብንጠይቅ፣ ጸሐፊዋ በትሕትና «ቦታው የእናንተ ነው ወይ?» አሉን። አይደለም ብንላቸው «እንግዲያው ምን አገባችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። በሴትዮዋ አንፈርድም፤ ወደ እርሳቸው የሚመጣው ሰው ሁሉ ስለ ገዛ ቦታው የሚመጣ ነውና። ጥያቄያቸው ግን የዚህ ጽሑፍ ዋና ጥያቄ ሆነብን።

መልሱን ለመፈለግ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጣን። በመንገዱ ላይ ጠበል በጀሪካን ይዘው የሚወርዱ ሕሙማንና አስታማሚዎች፣ ጀርባቸው እስኪጐብጥ የባሕር ዛፍ እንጨት የተሸከሙ ሴቶችም አገኘን። ለጠበልተኛው የምንጩ ውሃ፣ ለእንጨት ተሸካሚዋ የጫካው መንገድ የዕለት ኑሮ ነው። በላይ በኩል መንገድ ሲቀደድ ጐርፉ አቅጣጫውን ሊለውጥ ይችላል፤ አጥር ሲታጠር የእግር መንገዱ ይዘጋል። ቦታው የእነርሱ አይደለም፤ ነገሩ ግን ያገባቸዋል።

ደግሞም የፈቃድ መዝገብ አሳብ ለዚህ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ላይ ለምእመናን ይነገራል፤ ሕዝቡ እንደ ዐቅሙ ያዋጣል፤ ሥራው የት እንደ ደረሰ፣ ምን እንደ ጐደለ ደጋግሞ ይሰማል። ስለዚህ ማንበብ የማትችለው እናት እንኳ ጉልላቱ ከመሰቀሉ በፊት የሕንጻውን ታሪክ ታውቀዋለች። በከተማው መዝገብ ላይ የምንመኘው ከዚህ የሚበልጥ አይደለም።

እንግዲህ ለጓደኞቻችን ተማሪዎችና ለመምህሮቻችን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። በየዓመቱ ጥቂት ተማሪዎች አንድ ቀበሌ መርጠው፣ ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ በጽሑፍ እየጠየቁ፣ የተፈቀደበትን፣ የተጀመረበትንና ለአገልግሎት የበቃበትን ቀን በሦስት ዐምድ ይመዝግቡ። መልስ ያልተገኘበትንም ጥያቄ ከነቀኑ ይጻፉት፤ ባዶው ዐምድም ራሱ ማስረጃ ነውና። ይህ ካልተደረገ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስለ እንጦጦ የሚጽፍ ሰው እንደ እኛ የምረቃ ንግግር ይዞ ይቀመጣል፤ ማን እንዳሠራው ያውቃል፤ ከመሠራቱ በፊት ማን እንደ ተጠየቀ ግን አያውቅም።