የፊኛ ጠጠርና የቤት መድኃኒት ወሰን፦ ከሙስሊም ሐኪሞች ኪታቦች እስከ መሐል ሜዳ

በሰሜን ሸዋ በመንዝ ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው መሐል ሜዳ፣ የሽንት ሕመም የያዘው ሰው አስቀድሞ ምክር የሚያገኘው ከጎረቤቱ ነው። አንዱ ገብስ ቀቅሎ ውኃውን እንዲጠጣ ይነግረዋል፤ ሌላው ተልባ፣ ሌላው አብሽ፣ ሌላው ሎሚ ያዝለታል። ከእነዚህ ጋር፣ ከደጋው እስከ አዲስ አበባ የተለመደ አንድ ምክር አብሮ ይመጣል፤ ጠላ ወይም ቢራ ጠጠር ያወርዳል የሚል። ሙስሊሙ ታማሚ ይህን ሲሰማ ወደ ኢማሙ ሄዶ «ለመድኃኒት ሲሆን ይፈቀድልኛልን?» ብሎ ይጠይቃል።

ጥያቄው በአንድ በኩል የፊቅህ፣ በሌላ በኩል የሕክምና ነው። ኢማሙ ስለ ሐላልና ሐራም ብቻ መልሶ ቢያሰናብተው፣ ታማሚው ገብሱንና ሎሚውን ይዞ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ በእነዚያ ወራት ግን ጠጠሩ ያድጋል። ስለዚህ ቀደምት ሙስሊም ሐኪሞች ስለዚህ በሽታ ምን እንዳሉ ማወቅ ለመስጊድና ለመድረሳ አገልጋዮች ትርፍ ዕውቀት አይደለም። ይህ ጽሑፍ ለማሳየት የሚሞክረው አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ቅርስ ውስጥ የቤት መድኃኒት ቦታ ነበረው፤ ቦታው ግን ወሰን ነበረው። እኛ መድኃኒቱን ስንወርስ ወሰኑን በብዛት ረስተነዋል።

ጠጠሩን መለየት

የጠጠር ሕመም ጥንታዊ ነው። በስመ ሂፖክራተስ የሚታወቀው የሐኪሞች መሐላ፣ ሐኪሙ ጠጠር ለማውጣት እንዳይቀድና ሥራውን ለባለሙያዎቹ እንዲተው ያዝዛል። ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን፤ ሕመሙ ብዙዎችን ያሠቃይ እንደነበርና ቀዶ ሕክምናውም አስፈሪና ራሱን የቻለ ሙያ እንደነበር።

የሙስሊሙ ዓለም ሐኪሞች ይህን ዕውቀት ተቀብለው አስፋፍተውታል። አቡ በክር አር-ራዚ (ሞት 313 ዓ.ሂ./925 እ.ኤ.አ.) በኩላሊትና በፊኛ ስለሚፈጠር ጠጠር ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል፤ ኪታቡም በ1896 እ.ኤ.አ. በላይደን ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር ታትሟል። ኢብኑ ሲና (ሞት 428 ዓ.ሂ./1037 እ.ኤ.አ.) በ«አል-ቃኑን» ውስጥ ሁለቱን የጠጠር ዓይነቶች ይለያሉ። የኩላሊቱ ጠጠር አነስ ያለ፣ ለስለስ ያለና ወደ ቀይ የሚያደላ ነው፤ የፊኛው ትልቅና ጠንካራ ሆኖ ወደ አመድማ ቀለም ያደላል። የኩላሊቱ በዕድሜ በገፉትና በወፍራሞች፣ የፊኛው ደግሞ በልጆች ዘንድ እንደሚበዛም አስተውለዋል።

ይህ የመጨረሻው አስተውሎት ከዘመኑ ብዙ ቀድሞ የሄደ ነው። ልጆችን ከጡት ወተት በኋላ በእህል ብቻ በሚያሳድጉ፣ ወተትና የእንስሳት ተዋጽኦ በሚያጥርባቸው አገሮች የፊኛ ጠጠር በልጆች ላይ እንደሚበዛ የኋለኛው ዘመን ሕክምና አረጋግጧል። በእንግሊዝ አገር በኖሪች ከተማ በ1772 እ.ኤ.አ. በተከፈተው ሆስፒታል የፊኛ ጠጠር ማውጣት ከዋና ዋና ሥራዎች አንዱ ነበር፤ የልጆች አመጋገብ ሲሻሻል ግን በሽታው እየጠፋ ሄዷል። በታይላንድ ሰሜናዊ ምሥራቅ ደግሞ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሩዝ ብቻ በሚመገቡ ሕፃናት ላይ ሲታይ ቆይቷል። ትምህርቱ ገብስ ዋና ምግብ ለሆነበት ደጋችን ግልጽ ነው። የገብስ ውኃ ለአዋቂ ጥሩ መጠጥ ነው፤ ለሕፃን ግን እህል ብቻውን ምግብ ሊሆን አይገባም። ወተትና እንቁላል ለልጅ ቅንጦት ሳይሆኑ መከላከያ ናቸው።

ቅጠሉና ቢላዋው

ኢብኑ ሲናና ሌሎቹ ሐኪሞች ለጠጠር የሚያዝዟቸው ነገሮች ከጓዳ የራቁ አልነበሩም። የሐብሐብ ዘር፣ እንስላልና ሌሎች ሽንት የሚያበዙ ቅጠሎች፣ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ወገብን በዘይት ማሸት ይገኙባቸዋል። በገበያ «ሐጀር አል-የሁድ» እየተባለ ይሸጥ የነበረው ድንጋይም አለ፤ ዛሬ የጥንት የባሕር እንስሳ እሾህ ቅሪት መሆኑ ታውቋል። ወደ 1,400 የሚሆኑ መድኃኒቶችንና ምግቦችን የመዘገቡት ኢብኑል በይጣር (ሞት 646 ዓ.ሂ./1248 እ.ኤ.አ.) ለጠጠር ይጠቅማሉ የተባሉ ብዙ ዕፀዋትን ያነሳሉ። የእነዚህ ሁሉ ዓላማ ሽንትን ማብዛት፣ መውጫውን ማላላት፣ ትንሹን ጠጠር በራሱ ጊዜ እንዲወጣ ማገዝ ነበር።

ትልቁ ጠጠር ግን ለቅጠል አልተተወም። አንዳሉሳዊው አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ (ሞት በ404 ዓ.ሂ./1013 እ.ኤ.አ. አካባቢ) «አት-ተስሪፍ» በተባለው ሠላሳ ክፍል ያለው ሥራቸው የመጨረሻውን ክፍል ለቀዶ ሕክምና ሰጥተውታል። በዚያ ውስጥ የፊኛ ጠጠር እንዴት ተቀድዶ እንደሚወጣ ደረጃ በደረጃ ያብራራሉ። ጠጠሩ ወርዶ በሽንት ቧንቧ ውስጥ ቢሰነቀር ወደ ፊኛው እንዳይመለስ ከኋላው በክር ማሰርን፣ ከዚያም «ሚሽዐብ» በተባለ ስለታም መሣሪያ ቀስ እያሉ መብሳትን ይገልጻሉ። ሴት ታማሚን በተመለከተ የሐፍረቷንና የክብሯን ጉዳይ አንስተው፣ ብልህና ታማኝ አዋላጅ እንድትፈለግና በሐኪሙ መሪነት እንድትሠራ ይመክራሉ። አንድ ሙስሊም ሐኪም ከሺህ ዓመት በፊት ሐያእን ከሕክምና ጋር እንዴት እንዳስታረቀ ከዚህ እናያለን፤ ሐያእ ሕክምናን መተው ማለት አልነበረም።

ስለዚህ በዚህ ቅርስ ውስጥ ቅጠሉና ቢላዋው የሚጣሉ ሳይሆኑ የሚከታተሉ ነበሩ። ቅጠሉ ለትንሹ ጠጠር፣ ለተወሰነ ጊዜ፤ ካልሆነ የባለሙያው እጅ።

ዕውቀቱ ወደ ይፋትና ወደ ደጋው

ከመንዝ ደጋ ምሥራቃዊ ጠርዝ ቁልቁል የሚታየው አገር የጥንቱ ይፋት ነው። ከ684 ዓ.ሂ. (1285 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የወላስማዕ ሥርወ መንግሥት የገዛው ይህ አገር ከባሕር ማዶ ጋር የተሳሰረ ነበር። የካይሮና የደማስቆ ጸሐፊ የነበሩት ሺሃቡዲን አል-ዑመሪ (ሞት 749 ዓ.ሂ./1349 እ.ኤ.አ.) ስለ ይፋት እህልና ፍራፍሬ፣ ስለ ጫትም ጭምር መጻፋቸው የዚህ ትስስር ምስክር ነው። በኋላም በአንኮበር ሥር ያለችው የአልዩ አምባ ገበያ ነጋዴን ከሐረርና ከታጁራ ወደ ሸዋ ታገናኝ ነበር።

በቀይ ባሕር ዙሪያ ከተሰራጩት የሕክምና ኪታቦች አንዱ ለኢማም አስ-ሱዩጢ ተሰጥቶ በብዛት የታተመው፣ ነገር ግን የየመናዊው አስ-ሰነውበሪ (ሞት 815 ዓ.ሂ./1412 እ.ኤ.አ.) የሆነው «አር-ረሕማ ፊ ጢብ ወል-ሒክማ» ነው። እንዲህ ያሉት አጫጭር ኪታቦች ለቤት የሚሆነውን ሰብስበው ይዘዋል፤ የአዝ-ዘህራዊን የቀዶ ሕክምና ክፍል ግን አልተሸከሙም። ወሰኑ የተረሳበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቅጠሉን ማንም በቃል ሊያስተላልፈው ይችላል፤ ቢላዋውን ግን ባለሙያ ከባለሙያ ካልተማረው ይጠፋል።

በደጋው በኩል ደግሞ የክርስቲያኑ ማኅበረሰብ የራሱ የመድኃኒት መጻሕፍት ነበሩት። ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያን የሕክምና ጽሑፎች ሀብት ያሳያል። በገበያና በጉርብትና ሁለቱ ወጎች ተቀላቅለዋል፤ ስለዚህ በመሐል ሜዳ ገብስና ተልባ የሚያዝዘው ጎረቤት ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን ምክሩ አንድ ዓይነት ነው።

በዛሬ ዕውቀት ሲመዘን

ከእነዚህ ምክሮች ውስጥ እውነት ያለበት አለ። የገብስ ውኃ ጥቅሙ በዋናነት ውኃው ነው፤ ብዙ የሚጠጣ ሰው ሽንቱ ስለሚቀጥን ጠጠር የሚሠሩት ጨዎች አይጠራቀሙም። በብርድ አገር ጥም ስለማይሰማ ሰው ውኃ ይቀንሳል፤ በዚህ ምክንያት ምክሩ ለመንዝ ሰው ይበልጥ ተገቢ ነው። ሎሚ ውስጥ ያለው ሲትሬት የካልሲየም ጠጠር እንዳይፈጠር ያግዛል። ከኩላሊት የወረደ፣ ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠጠር ብዙውን ጊዜ በራሱ ይወጣል፤ ሰውየው በዚያ ሰሞን የጠጣው ሁሉ «መድኃኒት» የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

የፊኛ ጠጠር ግን ሌላ ነገር ነው። በአዋቂ ወንድ ላይ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሽንት በፊኛ ውስጥ መቅረቱ ነው፤ ለዚህም በዕድሜ የሚያብጠው የፕሮስቴት ዕጢ ዋነኛው ነው። መውጫው ጠብቦ ሳለ ብዙ መጠጣት ጠጠሩን አያወጣም፤ ሽንት ጭራሹን ቢቆም ሥቃዩን ያብሰዋል። ምክንያቱ ካልታከመ ጠጠሩ ቢወጣም ይመለሳል። በሽንት ውስጥ ደም ማየትም ሁልጊዜ ጠጠር ማለት አይደለም። ወደ አዋሽ ሸለቆ ወርደው የሠሩ ሰዎች የሽንት መስመር ቢልሃርዝያ ሊይዛቸው ይችላል፤ ይህም በክኒን የሚድን እንጂ በተልባ የሚታለፍ አይደለም። ዛሬ አብዛኛው የፊኛ ጠጠር በሽንት ቧንቧ በሚገባ መሣሪያ ተሰባብሮ ይወጣል፤ አዝ-ዘህራዊ በሚሽዐብ የጀመሩት መንገድ ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ጠላና ቢራ ደግሞ፦ አልኮል ሽንትን ለጊዜው ያበዛል፤ ያን ያህልም ሰውነትን ያደርቃል። ቢራ በተጨማሪ የዩሪክ አሲድን መጠን ያሳድጋል፤ ይህም ራሱ የአንድ ዓይነት ጠጠር መነሻ ነው።

ለኢማሙና ለመምህሩ

ጣሪቅ ኢብኑ ሱወይድ ነቢዩን (ሶ.ዐ.ወ.) አስካሪ መጠጥን ለመድኃኒት ስለማዘጋጀት በጠየቋቸው ጊዜ፣ በሽታ እንጂ መድኃኒት አለመሆኑን እንደነገሯቸው ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። ከፉቀሃእ መካከል ሌላ አማራጭ በጠፋ ጊዜና ታማኝ ሐኪም ባረጋገጠ ጊዜ የተለየ አስተያየት የሰጡ ቢኖሩም፣ በጠጠር ጉዳይ ግን የዶሩራ በር እንኳ አይንኳኳም፤ ውኃ አለና። ገብሱም ሐላል ነው፤ ተቀቅሎ ሊጠጣ ይችላል።

ስለ ጥቁር አዝሙድም እንዲሁ ነው። ኢማም ኢብኑል ቀይም (ሞት 751 ዓ.ሂ./1350 እ.ኤ.አ.) ለበሽታ ሁሉ ፈውስ ነው የሚለውን ሐዲስ ሲያብራሩ፣ አጠቃላይ አነጋገሩ እያንዳንዱን በሽታ ያለ ልዩነት ማለት እንዳልሆነ ገልጸዋል። ሐዲሱን ማክበር ማለት በሐዲሱ ስም ታማሚን ከሐኪም ማስቀረት አይደለም።

ሩቅያን በተመለከተ፣ ሽንቱ ለተያዘበት ሰው አቡ ደርዳእ (ረ.ዐ.) ስላስተማሩት ዱዓእ የሚተላለፍ ዘገባ አለ፤ በአቡ ዳውድ ሰነድ ውስጥ ግን ዚያዳ ኢብኑ ሙሐመድ በመኖሩ የሐዲስ ሊቃውንት አድክመውታል። ሩቅያ በሌሎች ጠንካራ ማስረጃዎች የጸና በመሆኑ ለታማሚ ዱዓእ ማድረግ መልካም ነው። በተመሳሳይ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) ለኡበይ ኢብኑ ከዕብ (ረ.ዐ.) ሐኪም ልከው፣ ሐኪሙ ደም ሥር ቆርጦ እንደተኮሰው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ዱዓእና የሐኪም እጅ በሱናው ጎን ለጎን ናቸው። ሕክምናን ሳያውቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑንም አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብኑ ማጃህ አስተላልፈዋል፤ ይህ ቅጠል አዝዞ «ሐኪም ቤት አትሂድ» የሚለውንም ይመለከታል።

ለታማሚው የዒባዳ ጥያቄም መልስ ያስፈልጋል። ሽንት አልቋረጥ ያለው ሰው በሻፊዒያ መዝሀብ ወቅቱ ከገባ በኋላ ለእያንዳንዱ ፈርድ ሰላት፣ በሐነፊያ ለእያንዳንዱ የሰላት ወቅት ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሰላቱን አያበላሽበትም። ሽንት እየወጠረው ለሚሰግድ ሰው አስቀድሞ መሽናቱ የሚበጅ መሆኑን ሐዲስ ያስተምራል፤ ሽንትን መቋጠር ለፊኛም ጎጂ ነው። ሐኪም ቀን ቀን ውኃ እንዲጠጣ ያዘዘው የጠጠር ታማሚ በረመዳን ማፍጠር ተፈቅዶለታል፤ ሲድን ቀዳእ ያወጣል።

በመጨረሻም ወሰኑ በግልጽ ይነገር። ሽንት ፈጽሞ ሲቆም፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከሕመሙ ጋር ሲመጣ፣ ደም ሲታይ፣ ትውከት ሲበረታ፣ ታማሚው ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ሲሆን የቤት መድኃኒት ጊዜ አልፏል። ያን ጊዜ የኢማሙ ፈትዋ «ዛሬውኑ ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ውሰዱት» የሚል መሆን አለበት፤ ከዚያም ካስፈለገ ወደ ደብረ ብርሃን። አር-ራዚና አዝ-ዘህራዊ በመካከላችን ቢኖሩ የሚሉትም ይህንኑ ነበር።