በማን ክንድ?

አሊዩ አምባ የአያቴ አገር ናት። ልጅ እያለሁ አያቴ ጨርቅ ስትገዛ የምትለካው በክንድ ነበር፤ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንድ ቀን ልለካላት ቀኝ እጄን ብዘረጋ ሳቀች፤ «ኧረ ልጄ፣ በግራህ ለካልኝ! በዚህኛውማ ያከስሩኛል» አለችኝ።

ቀልድ ነው፣ ግን እውነቷን ነው። በዘጠኝ ዓመቴ ከዛፍ ወድቄ ቀኝ እጄ አንጓው አጠገብ ተሰብሯል። በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት፣ ሬዲየስ፣ ገጠመ። የሚያድግበት ጫፍ ግን ስለተጎዳ እዚያው ቆመ። ጎረቤቱ አልና ማደጉን ቀጠለ። ዛሬ ሬዲየሴ ከግራው በ3 ሴንቲ ሜትር ያጥራል፤ መዳፌም ወደ አውራ ጣቴ በኩል ዘመም ብሏል።

የአያቴ ቀልድ የድሮ ገበያ ቀልድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ አሊዩ አምባ የሸዋ የንግድ በር ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች እዚህ ያራግፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1842 እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን እዚሁ ተቀምጦ ያየውን በመጽሐፍ ጽፏል። ያኔ ገንዘቡ አሞሌ ጨው፣ የጨርቅ መለኪያው ክንድ ነው። ክንድ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያል፤ አጭሩ ሻጭን ይጠቅማል፣ ረጅሙ ገዢን። «በማን ክንድ?» የሚለው የዋጋ ጥያቄ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ አጭሩን ክንድ ማስረዘም ይቻላል?

ይቻላል። ጣሊያናዊው ኮዲቪላ እ.ኤ.አ. በ1905 የእግር አጥንት ቆርጦ በኃይል እየጎተተ ስለማስረዘም ጻፈ፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ነበር። መላውን ያገኘው ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሳይቤሪያዋ ኩርጋን የሠራው ኢሊዛሮቭ ነው። አጥንቱ ይቆረጣል፤ ዙሪያውን የብረት ቀለበቶች ይታሰራሉ፤ ስስ ሽቦዎች ቆዳውን አልፈው አጥንቱን ይይዛሉ። ከዚያ በቀን 1 ሚሊ ሜትር፣ እሱም በአራት ተከፍሎ፣ ይሳባል። ክፍተቱን አዲስ አጥንት ይሞላዋል።

ሒሳቡን ሠራሁት፦ 3 ሴንቲ ሜትር፣ 30 ቀን። ቀላል መሰለኝ። ግን መሳቡ ሲያልቅ አዲሱ አጥንት እስኪጠነክር ብረቱ ለወራት ይቆያል። ሽቦው በገባበት ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፣ ጣቶች ይደርቃሉ፣ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፣ አጥንቱም ላይገጥም ይችላል። ክንድ ደግሞ ከእግር የሚለየው ነገር አለው፦ መዳፋችንን ወደ ታች ስንገለብጥ ሬዲየስ በአልና ላይ ይሻገራል። ያ መሻገር ከተበላሸ መዳፍ አይገለበጥም። እኔ ደግሞ ኮድ ጸሐፊ ነኝ፤ እንጀራዬ ኪቦርድ ላይ የተገለበጠ መዳፍ ነው።

ያማከርኩት ሐኪም «በዚህ እጅህ ምን መሥራት አቃተህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ብዙ አሰብኩ። ጨርቅ መለካት ብቻ ነው። በቃ፣ ተውኩት።

የሚያመው ወይም እጁ አልታዘዝ ያለው ሰው ግን ሌላ መልስ ይኖረዋል፤ ለሱ ወራቱም አደጋውም ሊያዋጣ ይችላል። ልጅ ያላችሁ ደሞ፣ የልጃችሁ አንጓ ተሰብሮ ቢድን እንኳ ከወራት በኋላ ተመልሳችሁ ኤክስሬይ አስነሡት። ማደጉ መቆሙ በጊዜ ከታወቀ መፍትሔው ይቀላል። የእኔን ማንም ተመልሶ አላየውም።