«ቶሬ» ስለሚባለው የኢጣልያን ቃል

በደሴ ከተማ ሰኞ ገበያ የሚባል ሰፈር አለ። ጠላት በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ደሴን ይዞ እስከ ሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ሲቈይ፣ ይህ ስም እንደ አዲስ አበባው ገበያ ወደ መርካቶ አልተለወጠም። ፒያሳ፣ ጎማ፣ ካቻቪቴ ግን በየከተማው ቀርተዋል። ወደ አማርኛ ሳይገቡ ከተመለሱት ቃላት አንዱ «ቶሬ» ነው።

ቶሬ ከላቲኑ «ቱሪስ» የወረደ ነው። በመካከለኛው ዘመን የቦሎኛ ባለጸጎች እርስ በርሳቸው ይፈራሩና ይፎካከሩ ስለ ነበር እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የራሱን ቶሬ ያቆም ነበር፤ አዚኔሊ የሚባለው 97 ሜትር ያህል ከፍታ ይዞ ዛሬም ይታያል። በደቡብ ኢጣልያ ባሕር ዳርቻ ደግሞ የባሕር ወንበዴ መምጣቱን የሚያዩ ዘበኞች በተርታ በተሠሩ ቶሬዎች ላይ ይቀመጡ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1173 የተጀመረው የፒዛ ቶሬ ግን የካቴድራል ደወል ቤት ነው። ቶሪኖ የተባለችውን ከተማ ከዚህ ቃል ጋር የሚያገናኝ ሰው ቢኖር ተሳስቷል፤ ስሟ ታውሪኒ ከሚባል ጥንታዊ ነገድ የመጣ ነው። በሰንጠረዥ ጨዋታም ኢጣልያኖች ቶሬ የሚሉትን ጠጠር አባቶቻችን «ደር» ይሉት ነበር።

ታዲያ ቃሉ ስለምን አልገባም? ቦታው ባዶ ስላልነበረ ነው። የጎንደርን ሕንጻዎች ያየ ሕዝብ «ግንብ» የሚል ቃል ነበረው። ሆኖም ግንብ የድንጋዩንና የኖራውን ሥራ እንጂ ከፍታውን አይናገርም፤ የግቢ አጥርም ግንብ ይባላልና። ከፍ ብሎ መጠበቅን የሚናገረው «ማማ» ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ቃሉ ቈላ ሲወርዱ፣ ማሽላው ሲያሸት፣ ገበሬው በእንጨት ላይ ማማ ይሠራል፤ ልጁም ወንጭፉን ይዞ ወፍና ዝንጀሮ ይጠብቃል። ሥራው የባሕር ዳሩ ቶሬ ሥራ ነው።

ዛሬ ለስልክ የሚተከለውን ረጅም ብረት ብዙ ሰው በእንግሊዝኛ «ታወር» ይለዋል። ለአውሮፕላን ጣቢያው «የመቈጣጠሪያ ማማ» ብለን ከጻፍን፣ ለስልኩ ብረት ይህ ቃል የሚነፈግበት ምክንያት አይታየኝም። በተለይ መዝገብ የምትይዙ ወንድሞችና እኅቶች አስቡበት፤ ተርጓሚው በቸልታ «ግንብ» ብሎ ቢያሰፍረው፣ ከዓመታት በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ሹም በገበሬው መሬት ላይ የቆመው ብረት ይሁን የድንጋይ አጥር በምን ይለየዋል?