ሒጃዝ በነጻነቷ ጸንታ ቢሆን ኖሮ



በጅዳ የምትኖሩ ሆይ፣ ዕለት ዕለት የምትመላለሱበት ምድር ከመቶ ዓመት በፊት ሒጃዝ የተባለ ነጻ መንግሥት እንደ ነበረ ታውቁ ይሆን? እ.ኤ.አ. በ1916 የመካው ሸሪፍ ሑሴን በኦቶማን ቱርኮች ላይ ተነሣ፤ ዓመቱም ሳይፈጸም ንጉሥ ተባለ። በመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን ላይ የሒጃዝ ስም ከመሥራቾቹ ጋር ሰፍሯል። ንጉሡ ግን ሶርያና ፍልስጥኤም ለባዕዳን ሞግዚትነት መሰጠታቸውን በመቃወም የቬርሳይን ውል ሳያጸድቅ ቀረ። በ1924 መካ፣ በ1925 መጨረሻ ደግሞ ጅዳ በኢብን ሳዑድ እጅ ገቡ።

ውሉን አጽድቆ ቢሆንስ ኖሮ? ማኅበሩ ከወረራ ያድነው ነበር ለማለት ያስቸግራል። ኢትዮጵያ ከ1923 ጀምሮ አባል ነበረች፤ በ1935 ፋሺስት ጣሊያን ሲወርራት ግን አባልነቷ አልታደጋትም። በዚያ ጉባኤ ድምፃቸውን ስለ እኛ ካሰሙት አንዱ የሐይቲ መልእክተኛ ጄኔራል ኔሙር ነበር።

ይሁን እንጂ አባልነት ተጠያቂነትንም ያስከትላል። ኢትዮጵያ ወደ ማኅበሩ ስትገባ የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ቃል እንድትገባ ተጠይቃለች። በዚያ ዘመን ቀይ ባሕርን ተሻግረው በመካና በጅዳ ከተሸጡት መካከል ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች ነበሩ፤ አስቀድመው አሳልፈው የሰጧቸውም የገዛ ወገኖቻችን ናቸው። ሒጃዝ በዚያ ሸንጎ ተቀምጣ ቢሆን ያው ጥያቄ ይቀርብላት ነበር። ምናልባትም በሳዑዲ ዓረቢያ ባርነት በሕግ እስከ ተሻረበት እስከ 1962 መጠበቅ ባላስፈለገ።

ሐይቲ በ1804 ነጻ ስትወጣ ነጻነቷን ያመጡት ራሳቸው ባሮች የነበሩት ናቸው። ፈረንሳይ በ1825 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ ብትጭንባትም፣ ሰውን ወደ ባርነት መመለስ ግን አልተቻለም። በሒጃዝ ግን ሰንደቅ ዓላማው ሲውለበለብ ባሪያው በጌታው ደጅ እንደ ቆመ ነበር።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ስለ አገር ነጻነት ስናወራ አንድ ጥያቄ አንርሳ፤ በዚያ አገር ሌላውን የሚያገለግለው ሰው ነጻ ነውን? ይህን ጥያቄ በሰው ቤት ከምታገለግሉት ከእናንተ ይልቅ ማን ይረዳዋል? ነገር ግን አሠሪዎቻችሁን ብቻ አትጠይቁበት። ወደ አገራችሁ ስትመለሱ በቤታችሁ የምትቀጥሯትን ልጅ ስታዩ፣ ራሳችሁንም ጠይቁበት።